እናቴ የተሳለመችው ዝሆን

በዚህ ታሪክ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ ወይዘሮ ስንዱ፤ ያኔ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ልጄ ማርታ፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጎረቤታችን አቶ ሀብታይ፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። የንስሐ አባታችን ቀሲስ፤ ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም። ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንዲት ኔፓላዊት እናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ አሜሪካ፣ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጥኩ አስተካክላለሁ። አገር ቤት ሙያውን ባቲላሜራ ይሉታል።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። በኋላ በየሰዉ ቤት ሲወራ ብዙ ተስቆበታል። እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን የሚያወሩት ሰዎች ሁልጊዜ ከሳቁ ላይ ያቆሙታል፤ ቀሪውን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ልጻፈው ብያለሁ።

እናቴ በሁለቱም ዐይኖቿ ላይ ሞራ ነበረባት። እዚህ ከመጣች በኋላ የቀኙ ተነሳላት። ሐኪሙ ጥቁር መነጽር ሰጥቶ እንዳታጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ዐይኗን እንዳታሽ፣ እንዳታለቅስም አስጠነቀቃት። የግራው ገና አልተነካም ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የምታየው ብርሃንና ጥላ፣ ቀለምና እንቅስቃሴ ነው እንጂ መልክ አልነበረም።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አታልፍም። ይህ ልማዷ እዚህም አልተዋትም። ኮልፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ስንሄድ መስቀል ያለው ሕንፃ መሆኑን ከነገርናት «የማን ታቦት ነው?» ትላለች።

«እማዬ፣ እዚህ ታቦት የላቸውም» እላታለሁ።

«ገብተህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል» ትልና መኪና ውስጥ ሆና አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

ማርታ በዚያ ክረምት ለታዳጊዎች በሚሰጥ የሥዕል ትምህርት ተመዝግባ ነበር። አስተማሪዋ፣ በከተማው ውስጥ ለሕዝብ ከቆሙት ቅርጾች አንዱን መርጣችሁ፣ ከፊቱ ቆማችሁ ሥላችሁ አምጡ ብላ አዘዘቻቸው። ዴንቨር በዚህ በኩል ድሃ አይደለችም። ድቡም፣ ፈረሱም፣ ላሙም በየቦታው ቆሞላታል። ማርታ ግን እነዚህን ሁሉ ትታ፣ መሀል ከተማ አንድ አደባባይ ላይ ለአንድ ክረምት ብቻ የተቀመጠ የሂንዱዎች አምላክ ቅርጽ መረጠች። ራሱ የዝሆን፣ ሰውነቱ የሰው ነው። ጋኔሽ ይሉታል።

«ጣዖት ነው፤ አትሄጂም» አልኳት።

«ዳድ፣ ፐብሊክ አርት ነው። ማንም አይሰግድለትም።»

«በአማርኛ ተናገሪ።»

«ፐብሊክ አርት በአማርኛ ምንድን ነው?»

አላወቅኩም። እስከ ዛሬም አጥጋቢ ቃል አላገኘሁለትም። ይህን ግን ያኔ አልነገርኳትም።

«የተቀረጸውን ምስል ለአንተ አታድርግ ተብሎ ተጽፏል» አልኳት።

«እኔ መች አደረግኩት? ሌላ ሰው ያደረገውን ነው የምሥለው።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅኩት በንባብ ነው። ስለዚህ በቤቴ አንድ ደንብ አለኝ፤ ያላነበቡትን ነገር መቃወም ስንፍና ነው። ለልጆቼ ያወጣሁት ደንብ እኔንም ስለሚይዘኝ፣ ከሥራ በኋላ ላይብረሪ ገብቼ ስለ ጋኔሽ የሚናገር መጽሐፍ አወጣሁ። ያነበብኩት ለክርክር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይላል። እናትየው ልጁን አባትየው በሌለበት ፈጠረችው። አንድ ቀን ገላዋን ልትታጠብ ስትል፣ በሩ ላይ ቁም፣ ማንንም አታስገባ አለችው። አባትየው ከረጅም ጉዞ ተመለሰ። ልጁ አላወቀውም፤ አታልፍም ብሎ ከለከለው። አባት ተቆጣና የልጁን ራስ ቆረጠ። ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ ነገሩት። ያን ጊዜ ሰዎች ልኮ፣ መጀመሪያ ያገኙትን ፍጡር ራስ አስመጣና ከልጁ አንገት ጋር ገጠመው። ያ ፍጡር ዝሆን ነበር።

ተረት ነው ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ቆይቼ ደግሞ ከፈትኩት። መጽሐፉ ውስጥ የቅርጹ ዓይነት ብዙ ፎቶግራፍ ነበር፤ በድንጋይ፣ በነሐስ፣ በእንጨት። ዐይኔ ሁልጊዜ የሚሄደው አንገቱ ላይ ነበር። ያ ትልቅ ራስ ከትንሽ ትከሻ ጋር እንዴት ተገጠመ? ይህ የሙያ ጥያቄ ነው። ማርታ ደግሞ መሀል ከተማ ያለው ከተጣሉ መኪኖች ቆርቆሮ የተሠራ መሆኑን ስትነግረኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክርክሩ ለእኔ ያኔውኑ አለቀ። ላየው ፈለግኩ። ለእሷ ግን «ለትምህርትሽ ስል ነው» አልኳት።

አንድ ዓርብ ጠዋት እናቴን ለዐይኗ ምርመራ ሎውሪ በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድኳት። ማርታም ደብተሯን ይዛ አብራን መጣች። ምርመራው ቶሎ አለቀ። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ነዳሁና አደባባዩ አጠገብ ፓርክ አደረግኩ። አሳቤ ከእናቴ ጋር መኪና ውስጥ ልቆይ ነበር። እናቴ ግን «እግሬ ደንዝዟል፣ ልውረድ» አለች። አወረድናትና ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናት።

ቅርጹ ከጠበቅኩት በላይ ትልቅ ነበር። ደረት የሚደርስ የብረት ጠረጴዛ የመሰለ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩን አጥፎ ሌላውን አንጠልጥሎታል። ጆሮዎቹ የአሮጌ ፒክአፕ ኮፈኖች ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። የመኪናውን ቀለም አልፋቁትም፤ ዝገቱንም እንዳለ ትተውታል። አራት እጆች አሉት፤ በአንዱ ላይ ክብ ጣፋጭ ይዟል፣ እሱም ከመሪ እምብርት የተሠራ ነው። ከጥርሶቹ አንዱ ተሰብሯል። እግሩ ሥር አንዲት አይጥ ተቀምጣለች፤ መጓጓዣው ናት። ዝሆን የሚያህል አካል በአይጥ ይሄዳል ብሎ ማን አሰበ? ይህን የሚያስብ ሕዝብ ሳይስቅ የሚጸልይ አይመስለኝም። ወይም እየሳቀ መጸለይን ያውቅበታል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ኩምቢው ነው። ቆርቆሮ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲታጠፍ ይሸበሸባል። ሙያው የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ኩምቢውን ከላይ እስከ ታች አንድም ሽብሽብ ሳይታይበት አዙሮታል። በእጄ ዳሰስኩት። የመዶሻ ምልክት አለ፣ የብየዳ ምልክት የለም። እንዴት አድርጎ ነው? ዙሪያውን ሄድኩ። በጎን በኩል መቀመጫው ሥር ክፍት ነበር፤ ከዚያ ወደ ላይ ቢመለከቱ ባዶው የሆዱ ውስጥ ይታያል። የአንገቱም መጋጠሚያ ከውስጥ ይታይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ተንበረከክኩ። ሁለት እጆቼን መሬት ላይ አሳረፍኩ። ራሴን ዝቅ አደረግኩ፤ ግን አልታየኝም። የበለጠ ዝቅ አልኩ። ግንባሬ ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ አጎንብሼ አንገቴን አጣመምኩና ቀና ብዬ አየሁ። ብየዳው ከውስጥ ነበር። እንደ ጠባሳ ወፍራም፣ ግን እኩል የሆነ ብየዳ አንገቱን ዙሪያውን ይዞታል። ተነሥቼ ትንሽ ቆየሁና ሌላውን ጎን ለማየት እንደገና ተንበረከክኩ። ስንት ጊዜ እንደተነሳሁና እንደተንበረከክኩ አላውቅም። ሰዓቱንም ረሳሁት።

እኔ እዚያ ሳለሁ በፊት ለፊት የሆነውን አላየሁም። ያየችው ማርታ ናት።

አንድ ቤተሰብ መጥቶ ነበር። የኔፓል ሰዎች ናቸው፤ እንደኛው በስደት የመጡ፣ ኦሮራ የሚኖሩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ራሳቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። ጫማቸውን አወለቁ፤ ቢጫ አበባ መቀመጫው ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ደፉ። በዚያው ቅጽበት በአጠገቡ የሚያልፈው የከተማ ባቡር ደወሉን ደወለ።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ መቀመጫው ተጠግታ የብረቱን ጠርዝ በግንባሯ፣ በከንፈሯ፣ እንደገና በግንባሯ ተሳለመች። ሦስት ጊዜ። ኔፓላዊቷ እናት ደስ ብሏቸው ክንዷን ደገፏት፤ ከዚያ ካመጡት ላይ ሙዝና የተሰበረ ኮኮናት በሁለት እጃቸው ሰጧት። እናቴም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ስማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

እኔ እጄን እያራገፍኩ ስመጣ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች። መኪናው መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ ስላገኘሁ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ተነሥተን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ከፊት አጠገቤ የተቀመጠችው ማርታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገረችኝ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ለምን አላስቆምሻትም?»

«የምታውቅ መሰለኝ። ደግሞ ዳድ፣ ኢት ዋዝ ቢውቲፉል።»

እናቴ ከኋላ ሆና «ታደሰ» አለችኝ። «ዛሬ ደግ ቀን ነው። ሳልሳለም የቀረሁበት ሳምንት ነበር። የማን ታቦት ነው?»

ማርታ አየችኝ። በዚያ ሰሞን አንድ የፈተና ውጤት ደብቃብኝ ኖሮ፣ ዝም ማለትም መዋሸት ነው ብዬ ለረጅም ሰዓት ገሥጫት ነበር።

«ቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ እማዬ» አልኩ።

ቤት ደረስን። አልነገርኳትም። ምክንያት አላጣሁም። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ነግሯት ነበር። የፍልሰታ መፍቻ ዕለት ልትቆርብ ነው፤ ለዚህ ቁርባን ስትዘጋጅ ከርማለች። ብነግራት ረክሻለሁ ብላ ትቀራለች። ባልነግራት ሳታውቅ ትቆርባለች። የትኛው ይበልጣል? ይህን ስመዝን ሰዓቱ ሄደ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ነጠላዋ ውስጥ ያለው ፍሬ ነበር። እናቴ እንደ ጸበል ጻዲቅ ቆጥራዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለሁላችን ልታካፍለው ሳህን ላይ ደርድራ አስቀምጣዋለች። ለጣዖት ከተሠዋው ራቁ የሚለውን ቃል እኔ ራሴ ለልጆቼ ስንት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አቶ ሀብታይ እንደ ልማዳቸው በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ዐይንዎ እንዴት ሆነ? አሁን የታደሰን መልክ አይተው አልደነገጡም?»

«ገና አላየሁትም። እግዜር እያዘጋጀኝ ነው።»

አቶ ሀብታይ ሳቁና ተቀመጡ። እናቴ ሰዓቱ መድረሱን ጠይቃ ቆመች። አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ሙዙን ቆራርሳ የመጀመሪያውን ለእንግዳ ብላ ለአቶ ሀብታይ ሰጠች። እሳቸውም ወዲያው ጎረሱት። ሁለተኛውን ወደ አፌ አቀረበችልኝ።

ማርታ ከሶፋው ላይ ሆና አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ቆይ» አልኩ። «የተሳለምሽው ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

እጇ ባለበት ቆመ። «ምንድን ነው ታዲያ?»

«የሕንዶች አምላክ ነው። ቅርጽ ነው። ራሱ ዝሆን ነው።»

«ዝሆን?»

«አዎ።»

«ሰውነቱስ?»

«የሰው።»

ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለሰችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። አቶ ሀብታይ የጎረሱትን ውጠው ጨርሰው ነበር፤ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ታለቅሳለች ብዬ ዐይኗን ፈራሁ። እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አንተስ ታዲያ ለምን ሰገድክለት?»

«እኔ? አልሰገድኩም።»

«ታደሰ፣ በዚህ ዕድሜዬ አታታልለኝ። መልክህን አላየሁም፤ አካሄድህን ግን አውቃለሁ። ወደቅክ፣ ተነሳህ። ደግመህ ወደቅክ። ግንባርህ መሬት ሲነካ አይቻለሁ።»

«ብየዳውን እያየሁ ነበር እማዬ።»

ከዚያ አቶ ሀብታይ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ብየዳውን» ይላሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። ማርታ ደብተሯን ከፈተችና ለሁላችን አሳየች። ዝሆኑን ጥሩ አድርጋ ሥላዋለች። ከጎኑ ግን አንድ ሰው ተደፍቶ ይታያል፤ ግንባሩ መሬት ላይ ነው፣ ቀበቶው ደግሞ የእኔ ነው።

«ይሄ ማነው?» አልኳት፣ የማውቀውን።

«ፐብሊክ» አለች ማርታ።

እናቴ አልሳቀችም። «ልጄ» አለችኝ፣ «እኔ ዝሆኑን መች አየሁት? የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ፤ ጉልላት መሰለኝ። ሰው ጫማውን ሲያወልቅ አየሁ፤ ያም ቢሆን አልተነሳሁም። አንተን ሳይ ነው የተነሳሁት። አንተ ለሰው አንገትህን የማትሰብር ሰው ነህ። ታደሰ እንዲህ ከወደቀ፣ ቦታው ትልቅ ቦታ ነው አልኩ።»

ልጄን ስለ ጣዖት ያስተማርኳት በአፌ ነው። እናቴን ወደ ዝሆኑ የመራኋት በጉልበቴ ነው።

ለቀሲስ ደወልኩላቸው። ቀሲስ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ እረፍት ላይ ስለነበሩ አነሱ። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ለጊዜው ድምፃቸው ጠፋ። ስልኩን ከአፋቸው አርቀውት እንደነበር አሁን እገምታለሁ።

«ወይዘሮ ስንዱ» አሉ በኋላ፣ «እርስዎ አላወቁም። በልብዎ የተሳለሙት እግዚአብሔርን ነው። ምንም የለብዎትም፤ ይቁረቡ።»

«ቀኖና ይስጡኝ።»

«የለብዎትም እኮ እናቴ።»

«ካልሰጡኝ አልቆርብም። ዝም ብሎ የተተወ ነገር ደስ አይለኝም።»

«እሺ፤ አርባ አንድ ስግደት።»

«አባ፣ ሐኪሙ እንዳታጎነብስ ብሏል» አልኩ።

«ወደዚያ የወሰዳቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተ ትሰግድላቸዋለህ። በዚያ ላይ ለራስህ አርባ አንድ ጨምር።»

«የእኔ ስለ ምንድን ነው? እኔ ያየሁት ብየዳ ነው።»

«ብየዳውን አምኜሃለሁ። አርባ አንዱ ከመኪናው ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝም ስላልክ ነው።»

አቶ ሀብታይ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አባ፣ ሀብታይ ነኝ። እኔ ሙዙን በልቻለሁ።»

«ከማወቅዎ በፊት ነው በኋላ?»

«አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ።»

ሁላችንም ሳህኑን አየን። እውነትም አንድ ቁራሽ ጎድሏል። «እህል አይጣልም ብዬ ነው» አሉ አቶ ሀብታይ።

«ለኋለኛው አሥራ ሁለት» አሉ ቀሲስ። «ልጆቼ፣ ፍሬው ፍሬ ነው። ኅሊናችሁን ከከበደው ግን ለማይከብደው ስጡት።» እረፍታቸው አልቆ ስልኩን ዘጉ። ማርታ የተረፈውን ሙዝና ኮኮናት ይዛ ከታች ፎቅ ለሚኖሩት የኔፓል ልጆች ሰጠቻቸው። ሳህኑን አንዳች ጥያቄ ሳይጠይቁ በሳቅ ተቀበሉኝ አለች።

እናቴ በፍልሰታ መፍቻ ቆረበች። ከዚያ ወዲያ ዐይኗ በደንብ ጠራ። አገሯ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት «ያንን የሳምኩትን አሳየኝ» አለች።

«ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

«የሳምኩትን ባላውቅ ነውር ነው።»

ወሰድኳት። ማርታም መጣች። እናቴ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጆሮዎቹን፣ ኩምቢውን፣ አይጧን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ጥርሱ ለምን ተሰበረ አለች፤ ያነበብኩትን ነገርኳት። ክፉ ቃል አልተናገረችም። ኔፓላዊቷ እናት በዚያ ቀንም ነበሩ፤ ከሩቅ አውቀዋት መጡ። እናቴ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ሰጠቻቸው። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ሁለቱም ዐይናቸውን እያሳዩ ስለ ሞራ ያወሩ ይመስላሉ፤ ሴትየዋም አንድ ዐይናቸው ነጭ ነበር። እናቴ የራሷን እየጠቆመች «ይነሣል፣ አይዞሽ፣ ምንም አያምም» ትላቸው ነበር በአማርኛ።

ሴትየዋ ሲሄዱ፣ እናቴ የቅርጹ ራስ እንዴት የዝሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአባትየውን ታሪክ ነገርኳት።

«ማን ነህ ብሎ ሳይጠይቀው ነው የቆረጠው?»

«አዎ። ተቆጥቶ ነበር።»

«ከዚያስ? ባወቀ ጊዜ ምን አለ?»

«ምን እንዳለ አልተጻፈም። ራስ አስፈልጎ ገጠመለት ነው የሚለው።»

«ምስኪን» አለች።

«ልጁ?» አለች ማርታ።

«አባትየው» አለች እናቴ። ከዚያ ሁለታችንንም ሳታይ ወደ መኪናው መንገድ ጀመረች።

እኔ በሃይማኖቴ እንደነበርኩ ነኝ። ለተቀረጸ ምስል አልሰግድም፤ ልጄም እንድትሰግድ አልፈልግም። ነገር ግን ጣዖት የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ ድንጋይ አንስቼ አልወረውረውም፤ የእኒያ እናት ሁለት እጆች ይታዩኛል። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ተቆጥቻለሁ። ግን ከተቆጣሁ በኋላ ተመልሼ መጠየቅ ጀምሬአለሁ፤ ማርታም አሁን አድጋ ይህን ትመሰክርልኛለች። አባት የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ልጆቻችሁ በምትናገሩት ይገሠጹ ይሆናል፤ የሚከተሉት ግን የምታጎነብሱበትን ነው። እናቴ በሰባ ዓመቷ እንኳ እንዲሁ አደረገች።

ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ ስግደቱን የጀመርኩት ሰኞ ማታ ነበር። ለእናቴ አርባ አንድ፣ ለእኔ አርባ አንድ፣ ለአቶ ሀብታይ አሥራ ሁለት። አቶ ሀብታይ አምስት ሰግደው ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው የቀረውን ሰባት እኔ ተቀበልኳቸው። ማርታ በመሀል ከክፍሏ ወጣችና፣ ማንም ሳያዛት፣ አጠገቤ ተንበርክካ አብራኝ ሰገደች። ስንት እንደሰገደች አልቆጠርኩም። የእሷ በሒሳቡ ውስጥ የለም። የቀረነው በድምሩ ያወጣነው ዘጠና አራት ስግደትና ሃያ አምስት ዶላር የፓርኪንግ ቅጣት ነው።